እማዬ የክትባት ቀጠሮ የማትረሳው ለምንድን ነው?

ዛሬ ጠዋት እማዬ ልጄን በነጠላዋ ጠቅልላ ከእኔ ቀድማ ከቤት ወጣች።

ልጅቱ ገና አርባ አምስት ቀኗ ነው፤ ክርስትና የምትነሳው በሰማንያ ቀኗ ነው። እማዬ «ክርስትና ሳትነሳማ ከደጅ አትወጣም» ትላለች ብዬ የተዘጋጀሁበት ክርክር ሁሉ ከንቱ ቀረ።

እዚሁ ማርቆስ ከተማ፣ ጤና ጣቢያ ወረፋ ስንጠብቅ «ምነው ዛሬ ክርስትና ሳትነሳ አትወጣም አላልሽም?» አልኳት።

ያኔ ነገረችኝ። በጃንሆይ ጊዜ የፈንጣጣ ከታቢዎች እማዬ ትኖርበት በነበረው በይጁቤ፣ ቤቷ ድረስ መጥተው ነበር። እማዬ ያኔ የመጀመሪያ ልጇን ወልዳ አራስ ነበረች። ክርስትና ያልተነሳች ልጅ ባዕድ ሰው አያያትም ብላ ከመጋረጃ ጀርባ ደበቀቻት። ከታቢዎቹንም «እዚህ ቤት ሕፃን የለም» አለቻቸው።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ፈንጣጣው ገባ። የለም ያልኩት እውነት ሆነ።»

እህት እንደነበረችኝ የሰማሁት ዛሬ ነው።

ነርሷ የሚቀጥለውን ቀጠሮ ስትነግረን ስልኬን አወጣሁ። እማዬ «የሥላሴ ማግስት ነው፤ እኔ ይዤዋለሁ» አለችኝ። (የእኔ ስልክ ባትሪ ይጨርሳል፤ እማዬ ሥላሴን ረስታ አታውቅም።)

እናንተ ቤት የክትባት ቀጠሮ የሚይዘው ማነው? ለምን እንደማይረሳው ጠይቃችሁት ታውቃላችሁ?