ገደሉ ላይ የተቀባበልናት ሴት

ዛሬ ጠዋት፣ ሞጣ፣ ከመማሪያ ክፍላችን ጀርባ ሰዎች አጋም ሲመነጥሩ ሰማሁ። ገጀራ እርጥብ ግንድ ላይ ሲያርፍ ድምፁ ድፍን ያለ ነው። ጠመኔዬን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። «ቲቸር፣ ምን ሆኑ?» አሉኝ ተማሪዎቼ። ያኔ ያልነገርኳቸውን እዚህ ልጻፈው።

ጀማሪ መምህር ሳለሁ የተመደብኩት ከቢቸና ወጣ ብሎ፣ ገደል አፋፍ ላይ ባለ ቀበሌ ነበር። ከገደሉ ሥር ካለው መንደር ወደ አፋፉ የሚያወጣው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ እየታጠፈ፣ እየተጠማዘዘ ይወጣል። በየክረምቱ አጋምና ቀጋ ይውጠዋል። ዝናቡ ሲያባራ የአፋፉ ሰው በደቦ ወጥቶ ይመነጥረዋል። ጥቅምት ነበር፤ ብርዱ ጣት ያደነዝዛል። የተጠበሰ እሸት በቆሎ በልተን፣ እኔም ገጀራ ተውሼ ገባሁ።

ነገሩን ላስረዳ። የአፋፉ ገበሬ የማሳውን ዳር ሲመነጥር እሾኹን በባላ እየገፋ ወደ ገደሉ ይለቀዋል፤ ማሳ ውስጥ መጣል ነውር ነው። ያን ቀንም ሁላችንም እጃችን የለመደውን አደረግን። መንገዱ ግን እየታጠፈ የሚወርድ ነውና፣ ከላይ የለቀቅነው እሾህ ሁሉ ታችኛው እጥፋት ላይ ይከመር ነበር። ቁጥቋጦው ስለጋረደን አላየነውም።

ረፋዱ ላይ ከሥር ጩኸት መጣ፦ «የሰው ያለህ! መንገድ ልቀቁ፣ ምጥ የያዛት ሴት ይዘናል!»

ወርደን ስናይ ቃሬዛው ከክምሩ ማዶ ቆሟል። ከተሸካሚዎቹ አንዱ ባሏ ምንይችል ነው። ከቢቸና የተጠራላት አምቡላንስ አፋፉ ላይ ደርሶ ይጠብቃል። በመካከላችን ከሰው ቁመት የሚበልጥ እሾህ ተቆልሏል።

«ይሄን ማን ነው የከመረው?» አለ ምንይችል።

«እኛው ነን» አሉ የደቦው አለቃ፣ አያ ጌጡ።

«ጥረጉ ተባላችሁ እንጂ እጠሩ ተባላችሁ?»

አንዱ እሳት እንልቀቅበት ቢል፣ «እርጥብ ነው፤ በጭስ ልትፈጃት ነው?» ብለው አያ ጌጡ ተቆጡ። አንዱን ቅርንጫፍ ስንጎትት ሌላው ይተበተባል። ሴትየዋ ደጋግማ ጮኸች።

አያ ጌጡ ከክምሩ ጎን ያለውን ቀጥ ያለ አፈር ሽቅብ አዩት። «በዚህ እናውጣት።»

በዶማ የእግር መርገጫ ቆፈርን። አንዳችን ከሌላችን በላይ ቆመን ቃሬዛውን ከእጅ ወደ እጅ ተቀባበልን። እኔ መሀል ላይ ነበርኩ። እንጨቱ እጄ እንደገባ እግሬ ሥር ያለው አፈር ሸሸ፤ በጉልበቴ ወደቅሁ፤ ቃሬዛው ወደ ገደሉ አጋደለ።

«ቀጥ በል፣ መምህር!» አሉ አያ ጌጡ ከላይ።

ከተሸፈነችበት ጋቢ ሥር የሴትየዋ ድምፅ ወጣ፦ «ኧረ ቀስ በሉ! ሰው ነው የያዛችሁት፣ ጭድ መሰላችሁ?»

አንዱ ሳያስበው ሳቀ። ምንይችል ከሥሬ በትከሻው ደገፈኝ፤ እንጨቱን ገፍቼ ከላይ ላሉት አቀበልኩ።

አምቡላንሱ ወደ ቢቸና ሲነዳ እኛ ወደ ክምሩ ተመለስን። ደቦ ያለ ዘፈን አይሆንም፤ ያን ቀን ግን ማንም አላዜመም። ዳቦውና ጠላው እንደመጣ ተቀምጦ ቀረ። እሾኹን በሸክም ወደ ላይ አወጣነው። ገደሉ ውስጥ ስልክ ስለማይሠራ አንድ ሰው አፋፉ ላይ አቁመን ነበር። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጮኸልን፦ «ተገላገለች! ሁለቱም ደህና ናቸው!» አያ ጌጡ «ተመስገን» ብለው ሊቀመጡ ሲሉ፣ እሾኹ ላይ እንዳይሆን እጃቸውን ይዤ አስቀረኋቸው።

ብዙም ሳልቆይ ወደ ሞጣ ተዛወርኩ። ፊቷን አይቼው አላውቅም፤ ጋቢ ሸፍኖት ነበር። ድምፅዋ ግን አልጠፋኝም። አሁንም ገበያ መሀል አንዲት ሴት ዕቃ የሚሸከምላትን ሰው ስትቆጣ ከሰማሁ ዞር እላለሁ። እስካሁን ሁሌም የሌላ ሴት ድምፅ ነው። እሷ ሆና ባገኛት ምን እንደምላት ግን አዘጋጅቻለሁ፦ «ልጁ እንዴት ነው?»