የጃቫ ጓዳና የጓደኛዬ ድምፅ

ጓደኛዬ ደቡብ ሱዳን ሊመደብ መሆኑን የነገረኝ ኡጋንዳ፣ ዋንዴገያ ሰፈር፣ እሠራባት ከነበረችው የኮምፒውተር ሱቅ በር ላይ ቆመን ሮሌክስ የሚሉትን በቂጣ የተጠቀለለ እንቁላል እየገመጥን ነው። የእርዳታ ድርጅት ሠራተኛ ነበር። ወደዚያ ቤተሰብ ይዞ መሄድ አይፈቀድም። ሚስቱ ኡጋንዳዊት ናት፤ ኪዋቱሌ ሰፈር ባለው ቤታቸው አማርኛ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው።

«እኔ ከሄድኩ የልጄ አማርኛ አለቀለት» አለኝ። ልጅቷ አምስት ዓመቷ ነበር። ከመሄዱ በፊት አንድ ፕሮግራም እንድንሠራላት ፈለገ፤ ፊደሉን ስትነካው በአባቷ ድምፅ «ሀ»፣ «ሁ» የሚል።

የቤታቸውን አሮጌ ኮምፒውተር ሱቅ አመጣና አንድ ቅዳሜ ድምፁን ቀዳን። ጉሮሮውን እየጠረገ፣ እንደ የኔታ እየጎተተ፣ ከ«ሀ» እስከ «ፐ» አወረደው። ቀላሉ ሥራ እሱ ነበር።

ፕሮግራሙን የምንጽፈው ጃቫ በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ ነው። ጓደኛዬ ድምፅ የምታጫውት አንዲት ክላስ፣ ማለት ጃቫ ውስጥ ተጽፋ የተቀመጠች የፕሮግራም ቁራጭ፣ አገኘ፤ ሁለት መስመር ጻፈ፣ ማሽኑ «ሀ!» አለ። ግን ኮምፓይለሩ፣ ማለት የጻፍነውን ለማሽኑ የሚተረጉመው፣ ከሥሯ ቀይ አሰመረባት። ይህች ክላስ የጃቫ ሠሪዎች የውስጥ መገልገያ ናት፣ ወደፊት ልትወገድ ትችላለች፣ አትንኳት ነው ነገሩ። እንግዳ ሳሎን ይቀመጣል እንጂ ጓዳ አይገባም እንደማለት። ታዲያ አንድ ቅንብር ብንቀይር ቀዩ ቢጫ ማስጠንቀቂያ ይሆንና ፕሮግራሙ ይሠራል።

«ቀይረዋ፣ በቃ!» አለኝ።

«ሞቼ እገኛለሁ! ነገ ሲያወጧትስ ልጅህ ምን ልትሰማ ነው?»

«አንተ ሰውዬ፣ የምሄደው እኮ እኔ ነኝ፣ ክላሷ አይደለችም።»

አልሰማሁትም። እልኸኛ ነኝ፤ የሰው ጓዳ ገብቼ አልሠራም አልኩ። በተፈቀደው መንገድ ስንሞክር ደግሞ ያ አሮጌ ኮምፒውተር ድምፁን እየቆራረጠ ይውጠው ጀመር። እሱ ከሥራ ሲወጣ በቦዳ ሞተር ሳይክል እየመጣ አጠገቤ ይቀመጣል፤ እኔ ከማሽኑ ጋር ስታገል ያየኛል፤ ይሄዳል። የጉዞው ቀን ደረሰና «ስትጨርስ ውሰድላት» ብሎኝ ተሳፈረ።

ከወራት በኋላ ጨረስኩት። ቀይ የለ፣ ቢጫ የለ፣ ድምፁ ጥርት ያለ። ኮርቼ ነበር፣ ምን ዋጋ አለው! ያቺ ልትወገድ ትችላለች የተባለች ክላስ እንደሆነች ከዚያ በኋላ ከአሥር ዓመት በላይ ማንም ሳይነካት ኖረች። ይኼ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ኮምፒውተሩን በታክሲ ጭኜ ኪዋቱሌ ወሰድኩት። እናቷ ወንበር ላይ ትራስ ደርባ አስቀመጠቻት። ልጅቷ «ሀ»ን ነካች።

«ዳዲ!» ብላ ጮኸች።

ሌላውን ነካች፤ ቀጥላ ሌላውን። እኔ ሞኙ ድምፁ አለመቆራረጡን እያዳመጥኩ ደስ ይለኛል። ድንገት እጇን ሰበሰበችና ዞር ብላ በእንግሊዝኛ ጠየቀችኝ።

«አንክል፣ ስሜን የሚጠራው የትኛው ነው?»

አባቷ አጠገቤ በተቀመጠባቸው በእነዚያ ቀኖች ሁሉ አንድም ጊዜ «እስቲ ስሟን ጥራና እንቅዳው» አላልኩትም። የሱም ልብ የኔም ልብ ኮምፓይለሩ ላይ ነበር።

«የለም» ማለት አቃተኝ። እሷ ፊቷን ወደ ኮምፒውተሩ መለሰችና ከ«ሀ» ጀምራ እንደገና መፈለግ ያዘች።