የውቃቢው ምሳ

አዲስ አቡጀዴ ሲዘረጋ የሚሸተውን ሽታ ዛሬም አልችለውም። ሰሞኑን ተማሪዎቼ ለቴአትር መጋረጃ አንድ ጣቃ አምጥተው ሲሰቅሉ መቆም አቅቶኝ ወደ ውጭ ወጣሁ። «መምህር፣ አመመዎት እንዴ?» አሉኝ። አላመመኝም። ምክንያቱን ከሥሩ ላስረዳህ።

ጣሊያን ቡሬ በሰፈረበት ዘመን አጎቴ፣ የአባቴ ታናሽ ወንድም፣ አርበኛ ነበር። ጭኑን በጥይት ተመቶ መራመድ ሲያቅተው እናቴ ከከተማው ዳር ባለ አንድ ባዶ ቤት ደበቀችው። የቤቱ ሰዎች በወረርሽኝ ስላለቁ፣ ውቃቢ አለበት እየተባለ ማንም አይጠጋውም ነበር። እናቴ ምግቡን ደብቃ አልወሰደችም፤ ብልሃቷም ይህ ነበር። በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ እንጀራውን በሌማት ይዛ ሄዳ ደጃፉ ላይ ታስቀምጣለች። «ለማን ነው?» ሲሏት «ለውቃቢው» ትላለች፤ ቤት ስንገባ ግን ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትስቃለች። ጎረቤቱ ለሰይጣን ትገብራለች ብሎ አማት፤ የነፍስ አባቷ እንኳ ደጃችንን መርገጥ ተዉ። ቻለችው።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ የከተማው ሰው በሙሉ ወደ ጣሊያኖቹ መጋዘን እንዲመጣ ታዘዘ። መስኮቶቹ በብርድ ልብስ ተሸፍነዋል፤ ከፊት ለፊት አዲስ አቡጀዴ ተወጥሯል። ከውጭ ሞተር ያጓራል፣ ከኋላችን የጋለ ብረት ይሸታል። ሲኒማ ነበር፣ ያውም ድምፅ የሌለው። ሥዕሎች ተከታትለው በፍጥነት ሲያልፉ ለዓይን የሚንቀሳቀሱ ይመስላሉ፤ ይህን ዛሬ አስተምራለሁ፣ ያኔ ግን አላውቅም ነበር። በመካከል የሚመጣውን የጣሊያንኛ ጽሑፍ አንድ ያገራችን ሰው ቆሞ ያስተረጉማል።

አቡጀዴው ላይ የፈራረሰ ትልቅ ቤት ታየ። በሩ ብቻውን ይከፈታል፣ ሻማው ብቻውን ይሄዳል። ሴቶቹ አማተቡ። ነጭ የለበሰ ነገር በደረጃው ወረደ። አንዲት ገረድ ዳቦ ደጃፉ ላይ አስቀምጣ ስትሮጥ፣ ከበሩ ስንጥቅ እጅ ወጥቶ ዳቦውን ወሰደ። እናቴ እጄን ጨመቀችው። ቀጥሎ ነጩ ነገር ልብሱን ገፈፈ፤ ጢማም ሰውዬ ሆኖ ዳቦውን ይገምጥ ጀመር።

አስተርጓሚው ድምፁን ከፍ አደረገ፦ «ሰይጣን ነው! ሰው መስሎ ነው!»

«ኧረ ሰው ነው! ሲበላ አታዩትም?» አለ አንድ ልጅ። ሰዉ ሳቀ።

«ዝም በል አንተ! ሰይጣን ነው ብያለሁ!»

አስተርጓሚው የአጎቴን መደበቅ ያውቅ ኖሯል።

የባንዳዎቹ አለቃም ይስቅ ነበር። ድንገት ሳቁን ተወው። ዞሮ እናቴን ፈለጋት።

«እሜቴ፣ የእርስዎስ ውቃቢ እንጀራውን በቀኙ ነው የሚቀበል በግራው?»

«ያየው የለም ጌታዬ።»

«እንግዲያው እኛ እንየው።»

ወታደሮቹን አስከትሎ ወጣ፤ በሩም ተዘጋብን። ሲኒማው ገና አላለቀም ነበር። ሰዎች ሲባረሩና ሲወድቁ ይታያል፣ ሕዝቡ ይስቃል። እናቴ ነጩ ጨርቅ ላይ እንዳፈጠጠች ቀረች። ተኩስ ቢኖር እንኳ ሞተሩ አያሰማም።

አጎቴን በማግስቱ ገበያው መካከል ሰቀሉት። አስተርጓሚውን ገረፉት፤ እናቴን ወራት አስረው ለቀቋት።

ቤቱ ዛሬም ባዶውን ቆሟል። ተማሪዎቼ ውቃቢ አለበት ሲሉኝ፣ እንደሌለ በሥርዓት አስረዳቸዋለሁ። እናቴ ግን እሑድ እሑድ ሌማቷን ይዛ ትሄዳለች። ባለፈው እሑድ መንገድ ላይ አገኘኋት።

«ለማን ነው እማ?»

«ለውቃቢው።»

እንደ ድሮው ልትስቅ ነጠላዋን ወደ አፏ አልወሰደችም።