አጎቷ ፕሮሰሰር የሆኑ ዕለት

ሚጣ «ኮምፒውተር አርክቴክቸር» የሚባለውን ትምህርት እንደምትወስድ ቤት ውስጥ የተናገረችው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱንም ምነው ምላሴን በቆረጠው ብላለች። አጎቷ ከዚያ ሁሉ ውስጥ የሰሙት «አርክቴክቸር» የምትለዋን ብቻ ነበር። ዕድሜ ልካቸውን የአውቶቡስ ተቆጣጣሪ ሆነው ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ አንድ ነገር ከያዙ የማይለቁ ሰው ናቸው። ሳምንት ሳይሞላ ሜትር ይዘው መጡና የጓሮውን ግድግዳ መለካት ጀመሩ።

«አንዲት ክፍል ልቀጥል ነው። ፕላኗን ብቻ ጫር ጫር አድርጊልኝ።»

«ጋሼ፣ የእኔ የቤት አይደለም እኮ። የኮምፒውተር ውስጡ እንዴት እንደተዋቀረ ነው የምንማረው።»

«ያው ነው። የኮምፒውተር ሆድ ዕቃ የምታውቅ ልጅ አንድ ግድግዳ ያቅታታል?»

እናቷ ልብስ ሰፊ ናት። ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል፣ «ተዋት እስቲ፣ እሷም ገና የገባት አይመስለኝም» አለች።

እናቷ ለቀልድ የተናገረችው ለሚጣ እውነት ነበር። ይህንኑ ትምህርት አምና ወስዳ ወድቃለች። ስንፍና አልነበረም፤ መምህርቷ የተናገረችውን ሁሉ በቃሏ ይዛ ነበር። ፈተናው ላይ ግን የተሸመደደ የሚጠይቅ ጥያቄ አልመጣም። ዘንድሮ እየደገመችው ነው፤ አብረዋት የገቡት ልጆች ወደፊት ሲሄዱ እሷ ከበታቿ ከነበሩ ተማሪዎች ጋር ተቀምጣለች። የቤተ ሙከራ ጓደኛዋም ከእነሱ አንዱ ነው። ረጅም ልጅ ነው፤ በየደቂቃው «ቀስ በይ» ስለሚላት ስሙን ትታ «ቀስበይ» ትለዋለች።

የዓመቱ ትልቅ ሥራቸው ትንሽ ፕሮሰሰር፣ ማለትም ትእዛዝ እየተቀበለ የሚያሰላውን የኮምፒውተር ክፍል፣ መሥራት ነበር። በእጅ የሚዳሰስ ሳይሆን ኮምፒውተር ላይ ሽቦውን በመስመር እየሳሉ፣ ክፍሎቹን እያገናኙ የሚሠሩት ነው። መምህርቷ አንድ ነገር አጥብቃ አዝዛለች፤ ሥራው በቅብብል ይሁን። አንዱ ክፍል የመጀመሪያውን ትእዛዝ ሲያሰላ ሌላው ቀጣዩን እያነበበ ይጠብቅ፤ ማንም ሥራ ፈትቶ አይቀመጥ።

ሚጣና ቀስበይ እንደታዘዙት አደረጉ። ማሽናቸው ፈጠነ። ፈጠነና ሐሰት መናገር ጀመረ። ሦስትና አራት ደምር ሲሉት ሰባት ይላል፤ በዚያው ላይ አምስት ጨምር ሲሉት ደግሞ አሥራ ሁለት በማለት ፈንታ አምስት ብሎ ቁጭ ይላል።

«ሽቦ ተሳስተናል» አለ ቀስበይ።

«ሁሉንም አይተናል።»

«እንግዲያው ቀስ ብለን እንደገና እንይ።»

እንደገናም አዩ፤ የተሳሳተ ሽቦ አልነበረም። ሚጣ እሁድ ከሰዓት ቤቷ ተኮራምታ ስትቀመጥ አጎቷ መጡ። ፊቷን አይተው የግድግዳውን ወሬ ለጊዜው ተዉት።

«ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የጠቆርሽው?»

«የሠራነው ማሽን አልደምር አለኝ።»

«መደመር? መደመሩን ለኔ ተዪው። በይ አምጪው።»

ሚጣ ልታስረዳቸው ሞክራ አልሆነላትም። በመጨረሻ ተነሥታ ከቁም ሳጥኑ ሦስት ስኒ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ደረደረች፤ በየስኒው ውስጥም ቁጥር የተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት አኖረች። አንዱ ላይ ሦስት፣ አንዱ ላይ አራት፣ ሦስተኛው ላይ ዜሮ። ነርስ የሆነችውን ታላቅ እህቷን ጠርታ እሷ የጻፈችላትን ትእዛዝ እያነበበች ወረቀት እንድታወጣ አደረገች። አጎቷ ይደምራሉ። እናቷ ደግሞ ድምሩን ጽፋ ወደ ሦስተኛው ስኒ ትመልሳለች።

«ሕጉ አንድ ነው» አለች ሚጣ። «ማንም ሌላውን አይጠብቅም። የያዛችሁትን እንዳቀበላችሁ ወደሚቀጥለው።»

እህቷ ሦስትና አራትን አውጥታ አቀበለች። አጎቷ «ሰባት» አሉ ወዲያው። እናቷ እርሳስ ፍለጋ መቀስና ክር ስታገላብጥ፣ እህቷ ሁለተኛውን ትእዛዝ አነበበች፤ ከሦስተኛው ስኒ ያለውን አውጥተሽ አምስት ጨምሪበት ይላል። ስኒው ውስጥ ያገኘችውን ዜሮ አንሥታ ለአጎቷ ሰጠች።

አጎቷ ወረቀቱን ገልበጥ አድርገው አዩት።

«ይሄ ምንድነው?»

«ስኒው ውስጥ ያለው ነዋ» አለች እህቷ።

«ሰባት ብያለሁ እኮ! አሁን፣ ከአፌ ሳይደርቅ። እናትሽ እርሳሷን እስክታገኝ ብዬ የራሴን ቃል ልርሳ? እኔው ያልኩትን እኔው ይዤ አምስት ብጨምርበት ማን ይከለክለኛል?»

ሚጣ ዜሮ የተጻፈበትን ወረቀት ከአጎቷ እጅ ነጠቀች። መምህርቷ ይህንኑ ክፍል ውስጥ ተናግራዋለች፤ ሚጣም አምና ጽፋ፣ ዘንድሮም ጽፋ አልፋዋለች። ድምሩ ስኒው ውስጥ እስኪገባ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ከሚደምረው ክፍል መውጫ ወደ ራሱ መግቢያ አንድ ሽቦ መመለስ ነው። ከአፍ ወደ ጆሮ። ስልኳን አንሥታ ቀስበይ ጋ ደወለች፤ ስታወራ ከመፍጠኗ የተነሣ ሁለቴ «ቀስ በይ» አላት።

በማግስቱ ሽቦውን ሳሉት። ማሽኑ አሥራ ሁለት አለ። ቀስበይ ከወንበሩ ተነሣ፣ በክፍሉ አንዴ ዞረ፣ ተመልሶ ተቀመጠ። ለሱ ይህ ጭፈራ ነው።

ሥራቸውን ባቀረቡበት ቀን መምህርቷ አይታ አይታ፣ እስክሪብቶዋን ጉንጯ ላይ አሳርፋ ሚጣን ጠየቀቻት።

«ቁጥሩ ከመደመር የመጣ ሳይሆን ከሩቅ፣ ከዋናው ማከማቻ ከሚሞሪ የሚመጣ ቢሆንስ? ይህ ሽቦሽ ያድንሻል?»

አምና ቢሆን በቃሏ የያዘችውን ታወርድ ነበር። አሁን ግን አጎቷ ታዩዋት፤ እጃቸውን ዘርግተው፣ ቁጥሩ ገና ከጓዳ ሳይመጣ። ያልሰሙትን ነገር ሊደግሙ አይችሉም።

«አያድነኝም» አለች። «ቁጥሩ ገና አልደረሰም፤ የሚመለስ ነገር የለም። ቀጣዩ ትእዛዝ አንዴ ቆም ብሎ መጠበቅ አለበት።»

«ማሽናችሁ ይጠብቃል?»

ሚጣ ቀስበይን አየችው፤ ቀስበይም እሷን።

«አይጠብቅም» አለች። «እሱን አልሠራነውም።»

መምህርቷ ፈገግ አለች። «ሳታውቁት ብትቀሩ ነበር የሚያሳዝነኝ። እስከ ዓርብ ሥሩትና አምጡ።»

ሠርተው ወሰዱ። ሚጣ የፈተናውም ቀን ጥያቄዎቹን ስታነብ አልተርበተበተችም፤ አንዷን አበላሽታለች፣ እሷንም ስትወጣ አውቃታለች። ውጤቱ ሲለጠፍ «ቢ» አገኘች፤ ቀስበይ «ኤ»። እናቷ ስትሰማ የስፌት መኪናዋን አቁማ፣ ልጇን ሳብ አድርጋ ግንባሯን ሳመቻትና «እና አሁን ገባሽ?» አለቻት።

«ገባኝ፣ እማዬ።»

«በይ ለኔም ንገሪኝ» አለችና አጠገቧ ያለውን በርጩማ ከጨርቅ ቁልል አጽድታ ለልጇ አስጠጋችላት።