ቃሬዛ የሚያርፍባት ሜዳ

ትናንት ከአዘዞ ገበያ ስመለስ ሠራተኞች ለፎቅ ቤት መሠረት ሲቆፍሩ ደረስሁ። ዝናብ የነካው ጥቁር አፈር ሽታው አፍንጫዬን ሲመታው እግሬ አልሄድ አለኝ። ሠራተኞቹ ሽማግሌው ደከመው ብለው መሰለኝ፣ ድንጋይ ላይ እንድቀመጥ ቦታ ለቀቁልኝ። እኔ ግን የማሸተው የእናቴን መሬት ነበር።

እዚያ ቦታ፣ ልጄ፣ በጉብዝናዬ ወራት ሜዳ ነበረች። ትንሽ ናት፤ ከዚህ ጥግ ብትጣራ እዚያ ጥግ ያለው ይሰማሃል። ማንም አያርሳትም፣ ማንም አያጥራትም። ገና ሲደርስ ጎረምሳው ሩር ይለጋባታል፤ ጥጃ ይፈነጭባታል። ከሁሉ በላይ ግን ከሰፈራችን ሰው ሲሞት፣ ቃሬዛው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲወጣ የሚያርፈው እሷ ላይ ነበር። ካህናቱ ፍትሐት ያደርሳሉ፣ ተሸካሚው ትከሻውን ያሳርፋል፣ አልቃሹ ሣሩ ላይ ከቦ ያለቅሳል። ከዚያ ወዲያ ዳገት ነው። ሟቹ ሰፈሩን የሚሰናበተው ከዚያ ላይ ነው ይሉ ነበር ትልልቆቹ።

አንድ ክረምት መግቢያ ላይ፣ ባዶ መሬት ሁሉ እየተቀየሰ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ነው የሚል ወሬ መጣ። የሰፈሩ ሰው ሜዳዋ ላይ ተሰበሰበ። አንድ ብልህ ጎረቤታችን መላ አመጣ። ባዶ ከመሰለች ትወሰዳለች፤ እያንዳንዱ ቤት የወሰን ድንጋይ አስቀምጦ ይከፋፈላትና ይዝራባት፣ ቀያሾቹ ሲሄዱ ድንጋዩን እናነሣለን አለ። ለዘንድሮ ብቻ። ሁሉም ሸጋ መላ ነው አለ። እናቴ ብቻ ከሴቶቹ መካከል ተነሥታ፣

«ምነው አያ፣ እስከዚያ ሰው ቢሞትብን የት እናሳርፋለን?» አለችው።

«አንች ደግሞ ሳትሞች ማረፊያ ትፈልጊያለሽ» አላት። ሰው ሳቀ፤ እሷም አብራ ሳቀች። ግን ከመካከል የደረሳትን ድርሻ አልዘራችበትም። ሣር እንደሆነ ተወችው።

ቀያሾቹ መጡ፤ ድንቹንና ጎመኑን አይተው ሄዱ። ያን ቀን ጠላ ተጠጣ፣ ተዘፈነ። ከዚያማ ድንጋዩን የሚያነሣ ጠፋ። ድንቹ ሳይወጣ እንዴት ይሆናል አሉ፤ ድንቹ ሲወጣ ገብስ ተዘራ። በዓመቱ አጥር ቆመ። እናቴ በየቤቱ እየዞረች ማንሣቱን አንተ ጀምር፣ አንች ጀምሪ እያለች ትለምን ነበር። ሁሉም እሽ ይላታል፤ ሁሉም ሌላው እስኪጀምር ይጠብቃል። የሷ ሣር በአጥር ተከቦ ቀረ፤ መግቢያ እንኳ አልነበረውም። ከቅዳሴ ስትመለስ አጎንብሳ በአጥሩ ቀዳዳ ታየዋለች።

ይህን ሁሉ ትናንት ለሚቆፍሩት ልጆች ብነግራቸው ምን ይሉኝ ነበር?

በተከታዩ ክረምት እናቴ ታመመች። ከተኛችበት የለመነችኝ አንድ ነገር ነው።

«ሣሬ ላይ አሳርፉኝ» አለችኝ።

እሽ አልኋት። የሞተች ዕለት፣ ቃሬዛው ሳይነሣ፣ መላውን ወዳመጣው ጎረቤታችን ሮጥሁ፤ ከመንገዱ ጋር የሚዋሰነው የሱ ድርሻ ነበር። እግሩ ላይ ወደቅሁ። አጥርህን ክፈትልኝ፣ እኔው መልሼ አጥርልሃለሁ አልሁት።

«ላንተ ብከፍት ነገ ለሁሉም ልከፍት ነው። ቡቃያዬ ምን ይሆናል?» አለኝ።

ይዘን ወጣን። ዝናቡ ያካፋል። አጥሩ ዘንድ ስንደርስ ቄሱ የምታርፍበትን በዓይናቸው ፈለጉ፤ መንገዱ ማጥ ነው። ጭቃ ላይ እናቴን አላስቀምጥም አልሁ። ፍትሐቱ በትከሻችን ላይ እንዳለች ተደረሰ። ጸሎቱ ያን ቀን የማያልቅ መሰለኝ። ያ ጎረቤታችን ጋቢውን አዘቅዝቆ ከአጥሩ ወጣና፣ ማንንም ሳያይ ከኋላዬ ትከሻውን ከቃሬዛው ሥር አስገባ። አልከለከልሁትም። ዳገቱን ስንጀምር ድምፁን ሰማሁት።

«ቀስ በሉ፤ አታንገላቷት።»

ቀስ አልን።