ሥራ ፈቱ ዲስክ

አቻምየለሽ ተስፋሚካኤል አቃቂ የባቡር ሠራተኞች ሰፈር ተወልዳ፣ እዚያው ሳትርቅ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሰርቨር ተቆጣጣሪ ሆነች። ሥራዋ ከፋብሪካው ክሊኒክ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል የሚያጓራውን ማሽን መጠበቅ ነው። አለቆቿ ከዘበኛ ለይተው አያዩዋትም።

በዚያ ማሽን ውስጥ የጋሽ ጀቤሳ ትንፋሽ ነበር። ጋሽ ጀቤሳ የእርሻ መሬታቸው ሲወሰድባቸው ጥጥ ከየእስሩ ወደሚፈታበት ክፍል የገቡ ሰው ናቸው። ክሊኒኩ በየዓመቱ ቱቦ እያስነፋ የሳንባቸውን አቅም እማሽኑ ላይ ይመዘግባል። ሲቀጠሩ ቱቦውን ሊሰነጥቁት ምንም አልቀራቸውም ነበር፤ አሁን ከበር እስከ ባጃጁ መድረስ አቅቷቸዋል። የሐኪሞች ቦርድ «ያሳመማቸው የጥጡ ብናኝ ነው» ብሎ እንዲፈርድላቸው ጤነኛ ሆነው መግባታቸው መታየት አለበት። ምስክራቸው ማሽኑ ብቻ ነው።

ማሽኑ ደግሞ ብልህ ነበር። መረጃውን ለሦስት ዲስኮች አካፍሎ ያስቀምጣል፤ አንዱ ቢሞት የቀሩት ሁለቱ ተረዳድተው የሟቹን ያስታውሳሉ። አራተኛው ባዶ ሆኖ ተራውን ይጠብቃል። አንዱ የወደቀ ዕለት ሬይድ ኮንትሮለር የሚሉት ካርድ ማንንም ሳያስፈቅድ ባዶውን በሟቹ ቦታ ይተካል። ማንንም ሳያስፈቅድ! እኛ መሥሪያ ቤት ይህ ወንጀል ነው።

ሰኔ መጨረሻ ላይ የንብረት ቆጠራ መጣ።

«ይሄኛው ምን ይሠራል?» አሉ የንብረት ኃላፊው አቶ የሺዋስ፣ መብራቱ ወደማይብለጨለጨው ዲስክ እየጠቆሙ።

«ይጠብቃል።»

«ምን?»

«ሌላው እስኪሞት።»

«ሥራ ፈት ነው በይኛ!»

«ጋሽ የሺዋስ፣ እንደ ስኮርታ ጎማ ያስቡት።»

«ስኮርታ ከሆነማ ቦታው ስቶር ነው።»

«መኪናው መንገድ ላይ ጎማ ሲፈነዳበት ስቶሩ ተነሥቶ ይመጣለታል?»

«አፈኛ! ለኦዲተሩ የምትመልሺለት አንቺ ነሽ? በይ ተነቅሎ ስቶር ይግባ፤ ፈርሚ!»

ፈረመች። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው፤ እያወቀች ፈረመች! መረጃው ሌላ ቦታ የሚቀዳበት ዕቃ እንዲገዛም አንድ ጊዜ ጠይቃ «በጀት ሲፈቅድ» ተብላ ነበር። ደግማ አልጠየቀችም። መቼም ዝምታ ደሞዝ አይቆርጥም።

ነሐሴ ላይ መብራት ሲሄድ ሲመጣ አንዱ ዲስክ ሞተ። ካርዱ ባዶውን ቢፈልግ የለም። ጮኸ፤ ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ። አቻምየለሽ ወደ ስቶር ሮጠች። ዲስኩ ከመጥረጊያና ከቀለም ባልዲ መሃል ቁጥር ተለጥፎበት ተቀምጧል። እጇን ብትዘረጋ ትደርስበታለች።

«ሥራ አስኪያጁ ሳይፈርሙ አንዲት ብሎን አትወጣም» አሉ አቶ የሺዋስ።

«የት ናቸው?»

«ቢሾፍቱ፣ ሥልጠና ላይ።»

«ጋሽ የሺዋስ፣ ሌላ አንድ ከሞተ ሁሉም ነው የሚጠፋው!»

«አፍሽን በዳቦ!»

ስትመለስ ከጎን ያለው የስብሰባ አዳራሽ በር ተከፍቶ አንዱ አንገቱን ብቅ አደረገ። «ኧረ ይቺን ነገር ዝም አሰኚልን!»

ዝም አሰኘቻት። የሚጮኸውን ዝም ማሰኘት ማን ይሳነዋል?

ሥራ አስኪያጁ ተመልሰው ፈረሙ። አቶ የሺዋስ ዲስኩን ራሳቸው ይዘው መጡ፤ «እንኪ ስኮርታሽን» ብለው ሳቁ። እሷ አልሳቀችም። ያን ዕለት ጠዋት ሁለተኛው ዲስክ ሞቶ ነበር። ባዶውን ሰካችው፤ መብራቱ በራ። ግን ከማን ይቀበል?

ጋሽ ጀቤሳ ውጤታቸውን ሊወስዱ ሲመጡ ነገረቻቸው።

«እንዴት ይጠፋል፣ ልጄ? እኔ ነፍቼዋለሁ እኮ!»

ይህን ስትሰማ ነው ነፍስ የዘራችው። አብራቸው ቦርዱ ፊት ሄዳ ዲስኩ እንዴት እንደተነሣ፣ ማን እንዳዘዘ፣ እሷም እንደፈረመች ሳትደብቅ ተናገረች። ይህ እንጀራዋን እንደሚያሳጣት ታውቃለች። የፋብሪካው ጠበቃ ፈገግ አለ። «ድሮውንም ታመው ሊሆን ይችላላ፤ ማን ያውቃል?»

«በቃል አንወስንም» አሉ የቦርዱ ሰብሳቢ። «አባት፣ እንደገና ይንፉ።»

ጋሽ ጀቤሳ ቱቦውን ተቀብለው፣ ያቺን የቀረቻቸውን ሰብስበው ነፉ። ሳል አቋረጣቸው። አቻምየለሽ ትከሻቸውን ይዛ፣ የቦርዱ ነርስ የምትጽፈውን ከላይ ሆና አነበበችው፦

«የመጀመሪያ ምርመራ።»