ባለ ሦስት ጎን ፍሬም

ደንበኛዬ የሆኑት ሰዓሊ ሴት ወደ ፍሬም ቤቴ ሲመጡ ስዕላቸውን ዘቅዝቀው ነው ግድግዳው ላይ የሚያስደግፉት። ወደ ኋላ ያፈገፍጉና አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ክንዳቸውን ዘርግተው በእርሳስ ይለኩታል። "ተዘቅዝቆ ያላማረ ቀጥ ብሎም አያምርም ይሉን ነበር መምህራችን" ይላሉ። የሹራባቸው እጅጌ ቀለም ደርቆበት እንደ ካርቶን ይንኮሻኮሻል።

የዛሬው ስዕል ግን ግራ አጋባኝ። ገበታ የከበበ ቤተሰብ ነው። መሃሉ ባዶ ሆኖ ሳለ ሁሉም ከስዕሉ ውጪ፣ ወደ ቀኝ ጠርዝ ያያሉ። አብሬያቸው ዞር ብዬ አየሁ፤ ያለው የሱቄ በር ነው።

"እትዬ፣ መሃል ላይ ዓይናቸው የሚያርፍበት ነገር ቢያደርጉላቸውስ?"

"አድርጌ ነበር፤ አልቀመጥ አለኝ" አሉ። መሃሉን በአውራ ጣታቸው ዳበስ አደረጉት። እዚያ ጋ ቀለሙ ደጋግሞ ተፍቆ እንደገና ተቀብቷል።

"ፍሬሙን በሦስት ጎን ብቻ ሥራልኝ፣ ልጄ። በዚህ፣ በሚያዩበት በኩል አትዝጋብኝ።"

የሚቀልዱ መስሎኝ ፊታቸውን አየሁ፤ ቀልድ የለበትም።

እንዳሉኝ ሠራሁ። አራተኛውን እንጨት ግን ለክቼ ቆርጬ ከበሩ ጀርባ አቁሜዋለሁ። ማን እስኪመጣ እንደምጠብቅ እንጃ።